ውጤት ሳይወጣ የተጻፈ ምስጋና

ለቡ ለሚገኘው የልጄ ትምህርት ቤት መምህራን፣ ርዕሰ መምህርና ሠራተኞች በሙሉ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። ልጄ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዋን ጨርሳ ቤት ናት፤ ውጤቱ ገና አልወጣም። ከውጤቱ በፊት የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። እኛ አገር ትምህርት ቤት የሚመሰገነው ውጤት ሲያምር፣ የሚወቀሰውም ውጤት ሲበላሽ ነው። እኔ የማመሰግናችሁ ግን አራት ዓመት ሲሠራ ስላየሁት ሥራ ነው፤ በመስከረም የሚነገረን ቁጥር ያንን ሥራ አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም።

ስማችሁን አልጠራም። የግል ትምህርት ቤትን በስም ማመስገን ማስታወቂያ ይመስላል። ደግሞም ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ሃና ማርያም፣ በክፍለ ከተማችን ስማቸው ሳይነሳ ለልጆቻችን የሚደክሙ መምህራን ብዙ ናቸው። ደብዳቤው ለእነሱም ይድረስልኝ።

አስቀድሜ የማመሰግነው የባዮሎጂ መምህሯን ነው። ልጄ 9ኛ ክፍል እንደገባች ሰሞን አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የሽንኩርት ስስ ልጣጭ በአዮዲን አቅልመው፣ በማይክሮስኮፕ አይተው፣ ያዩትን በእርሳስ እንዲስሉ ታዘው ነበር። የልጄ ሥዕል እኩል እኩል የተደረደሩ ሳጥኖች፣ በየሳጥኑ መሃል አንዳንድ ክብ ነጥብ ነበር፤ ቁርጥ መጽሐፉ ላይ ያለው። መምህሯ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ይህ የመጽሐፉ ሥዕል ነው፤ አንቺ ያየሽውን ሳዪልኝ» ብለው ጽፈው መልሰውላታል። በማግስቱ ደግማ ሣለች። ሁለተኛው ሥዕል አያምርም፤ መስመሩ ተንጋዷል፣ አንዱ ጥግ ላይ የአየር አረፋ ገብቶበታል፣ ግማሹ ቀለሙን አልያዘም። ሙሉ ነጥብ ያገኘው እሱ ነው። ወረቀቱ እስካሁን የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እኔም ልጄን የት እንደላክሁ ያወቅሁት ያኔ ነው።

10ኛ ክፍል ስትደርስ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። የታተመው መጽሐፍ እስኪዳረስ ድረስ በየቤቱ ልጆች በወላጅ ስልክ ላይ ፒዲኤፍ እያሰፉ ያነቡ እንደነበር የዚያ ዘመን ወላጅ ሁሉ ያስታውሰዋል። እናንተ ምዕራፍ ምዕራፉን እያባዛችሁ ሰጣችሁ፤ ሱቅ ወጥታችሁ የፎቶ ኮፒ ሰልፍ የያዛችሁት እናንተው መምህራኑ ነበራችሁ። ይህ በካርድ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ እዚህ ይጻፍ።

ትልቁ ምስጋናዬ ግን ስለ ምርጫው ነው።

እንደሚታወቀው አንድ ተማሪ 10ኛ ክፍልን ሲጨርስ ናቹራል ወይም ሶሻል ብሎ ይለያል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወደ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ሌላው ወደ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይሄዳል። እንግሊዝኛውና አፕቲቲዩዱ የጋራ ነው፤ ሒሳቡ በሁለቱም በኩል አለ፣ ፈተናው ግን ለየብቻ ነው። የ16 ዓመት ልጅ በአንዲት ቅጽ ላይ የምታደርገው ምልክት ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ይወስናል። ይህን የሚያህል ነገር በብዙ ቤት የሚወሰነው በአንድ አረፍተ ነገር ነው፤ «ጎበዝ ልጅ ናቹራል ይገባል» ተብሎ።

የእኛ ቤትም ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚለው። ልጅቱ በሒሳብ ከክፍሏ ቀዳሚ ነች፤ አጎቷ መሐንዲስ ናቸው፤ አክስቷ ሐኪም ቤት ይሠራሉ። ነገሩን ያባባሰው ደግሞ ጊዜው ነበር። ያን ዓመት ጥር 2015 ላይ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ተነገረ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር የተሰጠ ነው። ከ896,520 ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ሆነ፤ 3.3 በመቶ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። አጎቷ ወዲያው የዘርፉን ቁጥር ይዘው መጡ። ከናቹራል 339,642 ተፈትኖ 22,936 አልፏል፤ ከሶሻል 556,878 ተፈትኖ 6,973። በመቶኛ ሲሰላ በናቹራል ሰባት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በሶሻል ከአንድ ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። «ይኸው፣ ልጅቷን ወደ ገደል ትሰዷታላችሁ?» አሉን። መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

መልሱን የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ። ከቅጹ በፊት ወላጅንና ተማሪን አንድ ላይ ጠርታችሁ አነጋገራችሁ። የክፍል ኃላፊዋ፣ የሒሳቡ መምህርና የጂኦግራፊው መምህር አብረው ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ ያንኑ ቁጥር ፊታችን አስቀምጠው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጅ ሶሻል የገባው ወዶ ነው ወይስ በሒሳብ ወደቅህ ተብሎ ተገፍቶ? ደካማ የተባለውን ሁሉ ወደ አንድ ክፍል ሰብስቦ፣ ጎበዝ መምህሩን ወደ ሌላው ክፍል መድቦ፣ ቤተ ሙከራና ቱቶሪያሉን ለአንዱ ብቻ ሰጥቶ ሲያበቃ ውጤቱን የትምህርቱ ጥፋት ማድረግ ፍርድ ነው ወይ? እኔ ከዚያ ወዲህ ይህን ቁጥር በየሄድሁበት ሰው ሲያነሳው የምመልሰው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ታሪክና ጂኦግራፊ ሳይሆን ልጆቻችንን ስለምንደለድልበት መንገድ ነው።

ከዚያ የሒሳቡ መምህር የልጄን ደብተር አወጡ። ሁላችንም «ይህች ልጅ ኢንጂነሪንግ ነው የሚሆናት» ይላሉ ብለን እንጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ደብተሩን ከጀርባ ገለጡት። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ በገዛ እጇ የሠራችው ሰንጠረዥ ነበር፤ በአንድ በኩል ወራቱ፣ በሌላ በኩል የጤፍ፣ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ፤ በጎኑ ዋጋው ከወር ወር በስንት በመቶ እንደጨመረ ተሰልቷል። እኔ ከገበያ ተመልሼ የማማርረውን እየሰማች ጽፋዋለች። ከሥሩ ደግሞ የእኛ የቤት ወጪ ከዚያ ጋር እኩል ያልጨመረው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ መስመር አለ። መምህሩ ያልታዘዘ ሥራ ነው ብለው አላለፉትም፤ አንብበውት፣ አንድ ቦታ ስሌቷን አርመውላታል። «ሒሳቡ ከእሷ ጋር ይሄዳል፤ የት እንደምታውለው የምታውቀው ግን እሷ ናት» አሉን። በዚያች ቅጽበት አጎቷ ዝም አሉ።

ያም ሆኖ ወዲያው አላስፈረማችሁንም። በሁለቱም ዘርፍ 11ኛ ክፍል ገብታ እንድትከታተል ጥቂት ቀን ሰጣችኋት። ፊዚክስ ክፍል ገብታ ተቀመጠች፣ ኢኮኖሚክስ ክፍልም ገብታ ተቀመጠች። ቅጹን የሞላችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በራሷ እጅ ጽሑፍ፤ ምክንያቷንም በግማሽ ገጽ አብራርታ። ምርጫን ተማሪዋ አይታና መርምራ የምትደርስበት ነገር ማድረጋችሁ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የመምህር ጊዜ ይጠይቃል፣ የወላጅን ቁጣ መቻልም ይጠይቃል። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ሶሻል ክፍል ተማሪ አይሞላልንም ብሎ ጨርሶ እንደማይከፍት ስንጠያይቅ ሰምተናል። እናንተ ጥቂት ልጆች ይዛችሁ ከፍታችኋል፤ ያንን ክፍል የሰጣችሁትም ለጎበዞቹ መምህራኖቻችሁ ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ የአባቴ ዘመን ይመጣብኛል። እሳቸው ደሴ ወይዘሮ ስኂን ነው የተማሩት። ያኔ ኮምፕሬሄንሲቭ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ጎን ንግድ፣ እርሻ፣ የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪው የሚያዘነብልበትን ሞክሮ ያያል። ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም፤ ማትሪክ ያኔም ብዙውን ይጥል ነበር። ግን አንድ ልጅ ብዙ በር ነበረው። በኋላ በ2001 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማህበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ወሰነ። አገሪቱ መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋታል ማለት ስህተት አይደለም። ሆኖም ያ መጠን በወላጅ ልብ ውስጥ ደረጃ ሆኖ ቀረ፤ ሰባው የጎበዝ፣ ሠላሳው የሰነፍ። መመሪያ ይቀየራል፤ በወላጅ ልብ የተተከለው ግን በቶሎ አይነቀልም። የጂኦግራፊው መምህር ይህን ሊነቅሉ ብዙ ደክመዋል። ለልጆቹ ስለ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ነግረዋቸዋል፤ የጂኦግራፊ ምሁር ሆነው የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን የገጠር ረሃብ ከሥሩ እንዳጠኑ፣ ዝናብ ስለቀረ ብቻ ሰው እንደማይራብ በማስረጃ እንዳሳዩ። ልጄ ያን ቀን ወደ ቤት ስትመጣ ጂኦግራፊ የተራራ ስም መሸምደድ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ።

አሁን ስለ ወንዙ ጥናት ልንገራችሁ፤ እናንተ ሠርታችሁት አልፋችኋል፣ እኔ ግን በቤት በኩል ያየሁትን አታውቁም።

11ኛ ክፍል ሳሉ ልጆቹ ትንሹን አቃቂ እንዲያጠኑ አደረጋችሁ። ወንዙ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደው የእኛው ሰፈር ወንዝ ነው። በዳርቻው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች አሉ፤ ከተማውም ይበላዋል። ይህን አንድ ነገር በሦስት ትምህርት ከፋፈላችሁት። በጂኦግራፊ ወንዙ ከየት ተነስቶ በምን አልፎ እንደሚመጣ በካርታ አወጡ። በኢኮኖሚክስ ጎመኗ ከማሳ ላይ ስትነሳ፣ ጉሊት ስትደርስና ሱፐርማርኬት ስትገባ ዋጋዋ ስንት እንደሆነ ጠይቀው መዘገቡ። ሦስተኛው ነው ልቤን የነካው። የውሃውን አሲድነት በሊትመስና በፒኤች ወረቀት ለመለካት ሶሻሎቹን ከናቹራሎቹ ጋር አንድ ቤተ ሙከራ አስገባችኋቸው። የናቹራል ልጆች ደግሞ በተራቸው ከገበሬዎቹ ጋር የሚደረገውን ቃለ መጠይቅ ተካፈሉ።

ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ባለው ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ዓለም አቀፉን ዲፕሎማ የሚማሩ ልጆች አንድ ሳይንስና አንድ የማህበራዊ ትምህርት አብረው መያዛቸው የተለመደ ነው። ያ ክፍያ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ለአብዛኛው ወላጅም እንዲሁ። እናንተ ግን የትምህርት ሚኒስቴርን ሥርዓተ ትምህርት እንደያዛችሁ፣ የመንግሥትን መጽሐፍ እያስተማራችሁ፣ በሁለቱ ዘርፍ መሃል ያለውን ግንብ ቀዳዳ አበጃችሁለት። አዲስ ፈቃድ አላስፈለጋችሁም፤ ያስፈለገው የኬሚስትሪው መምህርና የጂኦግራፊው መምህር ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ መቀመጣቸው ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ማጠቃለያው ነው። የጥናቱን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አስረክበው ሲያበቁ በአማርኛም ጽፈው ለአትክልተኞቹ እንዲያነቡ አዘዛችሁ። በብዙ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ ክፍለ ጊዜ መሙያ በሆነበት ጊዜ ይህን ማድረጋችሁን አልረሳውም። ልጄ ሦስት ማታ ቁጭ ብላ ጻፈች። «ኮንታሚኔሽን» የሚለውን ለገበሬ እንዴት ልበለው እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ በመጨረሻ «ወንዙ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይዞ ይመጣል» ብላ ገላገለችው። ላፍቶ ድልድይ አጠገብ ሄደው አነበቡላቸው። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ጨርሰው ከሰሙ በኋላ፣ ውሃው ጤና እንደማይሰጥ እነሱም እንደሚያውቁ፣ ልጆቹ ሌላ ውሃ የሚገኝበትን ቢያሳዩዋቸው ግን ዛሬውኑ እንደሚተዉት ነገሯቸው። ልጄ እያለቀሰች ነው የመጣችው። የጽሑፏ መደምደሚያ «አትክልተኞቹ በዚህ ውሃ ማልማት ማቆም አለባቸው» የሚል ነበርና።

እናንተ ያኔ ምን አደረጋችሁ? ነጥቡን ዘግታችሁ አላለፋችሁም። የኢኮኖሚክስ መምህሯ መደምደሚያውን እንደገና እንዲጽፉት፣ የሽማግሌውንም ጥያቄ እንዲመልሱ ጊዜ ጨመሩላቸው። የጉድጓድ ውሃ ምን ያህል ያስወጣል፣ ማን ይክፈለው፣ ፍሳሹን የሚለቀው ማነው፣ ሕጉ ምን ይላል። ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው አጭር ነው፤ መልስ ያላገኙለትንም ነገር መልስ አላገኘንም ብለው ጽፈዋል። እኔ ያነበብሁት ምርጥ የተማሪ ጽሑፍ እሱ ነው።

12ኛ ክፍል ስትገባ ነገሩ ሁሉ ወደ ፈተና ዞረ፤ መዞሩም ግድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ያለፈው 5.4 በመቶ ብቻ እንደሆነ እያወቀ ዘና የሚል የለም። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄ አሠራችኋቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናችኋቸው። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ግን ቤተ መጻሕፍቱን አልዘጋችሁም፤ የክርክር ክለቡንም ጥያቄ ይሠሩ ብላችሁ አላፈረሳችሁም። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ በተለይ አመስግኑልኝ። ማታ ሰርቪስ እስኪመጣ ድረስ መብራት አጥፍተው አያውቁም፤ ልጆቹ ምን እንደሚያነቡ ያውቃሉ፤ ያልመለሱትን መጽሐፍ የሚጠይቁት ወቅሰው ሳይሆን እንዴት አገኛችሁት ብለው ነው። ጥበቃውንም እንዲሁ፤ በዝናብ ቀን ልጆቹን ከበር እስከ ሰርቪሱ በገዛ ጃንጥላቸው የሸኙ እሳቸው ናቸው።

ክፍያችሁ ቀላል አይደለም። በየዓመቱ ሲጨምር ቤታችን ውስጥ የሚቀነስ ነገር አለ፤ ይህን ብደብቅ ምስጋናዬ እውነት አይሆንም። ግን የከፈልሁበትን አይቻለሁ። ልጄ ዛሬ ጋዜጣ ላይ አንድ መቶኛ ስታይ ከምን ላይ የተሰላ ነው ብላ ትጠይቃለች። ሰው ሲናገር እስኪጨርስ ትሰማለች። ያላወቀችውን አላውቅም ትላለች። እነዚህ በየትኛውም ዘርፍ ካርድ ላይ አይወጡም።

ታናሽ ወንድሟ መስከረም ላይ 9ኛ ክፍል ይገባል፤ ወደ እናንተው ነው የሚመጣው። እሱ ከአሁኑ ሬዲዮና ፍሬን እየፈታ የሚገጣጥም ልጅ ነው፤ ናቹራል ይመርጥ ይሆናል። ቢመርጥም እህቱ በሄደችበት መንገድ አይቶና ተጠይቆ እንዲመርጥ አደራ እላችኋለሁ። ሌላም አንድ ልመና አለኝ። ያን ከቅጹ በፊት የሚደረገውን ምክክርና በሁለቱም ክፍል ገብቶ መከታተሉን እናንተ ዘንድ ብቻ አታስቀሩት። በአካባቢያችን ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንን ጋብዟቸው፤ እንዴት እንደምታደርጉት ይዩ። መምህርን ለአንድ ከሰዓት ከማስቀመጥ በቀር ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወላጆችም፣ የዘንድሮውን ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሂዱ። ሁለቱንም ክፍል አሳዩን በሉ፤ ሶሻልን የሚያስተምረው ማነው ብላችሁ ጠይቁ፤ የልጃችሁን ደብተር ከጀርባው ገልጣችሁ እዩት። ቅጹን ደግሞ ልጁ ራሱ ይሙላው።



ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ተማሪያችሁ እናት
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ